በስሙ ያልገባ ስለት

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሻው፤

የኤረሩ ሚካኤል አንተንም ቤትህንም ከክፉ ይሰውርልኝ። እንዴት ከርማችኋል? እኔ ተመስገን አለሁ። ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ በርበሬና ሽሮዬም ይሸጣል። እግሬ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅህ አልቀረም። አባትህና አባቴ በባቡር ደብዳቤ ሲላላኩ ኖረዋልና እኛም ወደዚያው ተመለስን። ምክንያቴን ታውቃለህ። ልጄ ዮሳዲቅ በፍልሰታ የደወለልኝ በዚህ ስልክ ነው። እንደገና ሲደውል መስመሩ ተይዞ እንዲያገኘው አልፈልግም። ሰው ሁሉ እንዳይደውልልኝ ከልክያለሁ፤ ደንበኛ እንኳ ሽሮ ሲያልቅበት በእግሩ ይመጣል። ስልኩ በወንበር ላይ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ገበያ ስወጣም በጉያዬ ይዤው ነው። ጌቾ በከባድ መኪናው በተመላለሰ ቁጥር ወረቀታችንን ያድርስልን።

አሁን ስለ ስለቴ ልንገርህ፣ እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገርኩህምና። ልጄ በመጋቢት በኦቦክ በኩል በጀልባ ተሻግሮ ዓረብ አገር ሥራ ልፈልግ ብሎ ከሄደ በኋላ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድምፁን አልሰማሁም። እህል አልወርድ አለኝ፣ ሐኪም ቤትም ተኛሁ። እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ ለአባቶቻችን ደብር ለሚካኤል ተሳልኩ፤ የልጄን ድምፅ አሰማኝ፣ እኔም ድምፅ እሰጥሃለሁ አልኩት። አባቴ በባቡሩ ዘመን ለደብሩ ያመጣው ድምፅ ማጉያ ሀናቶን እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ቅዳሴው እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማ ነበር። እሱ ከተቃጠለ ወዲህ ቄሶቹ በባዶ ጉሮሮ እንደሚለፉ አንተው ነህ የነገርከኝ። ስለዚህ ማርካውን በስሙ ጠርቼ ነው የተሳልኩት፦ ሀናቶን፣ አባቴ ያመጣውን ዓይነት።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ቁጥር አልወጣም። እንደ ነፋስ ያለ ነገር ብቻ ይሰማል። "ዮሳዲቅ ነህ?" አልኩ። "አዎ" አለኝ። "አይዞሽ፣ ደህና ነኝ፣ ምግብ ብይ" አለና ተቋረጠ። ይኸው ነው። ለእኔ በቂዬ ነበር፤ ያን ዕለት ሾርባ ጠጣሁ።

እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። ድምፅ ማጉያውን ማዕከላዊ ገበያ ከከይረዲን ሱቅ ገዝቼ ከጌቾ ጋር ልኬልሃለሁ። ከይረዲን ኦሪጅናል ለመሆኑ በልጆቹ ምሏል፤ ሀናቶን የሚለውም በካርቶኑም በዕቃውም ላይ በትልቁ ተጽፏል። ለኅዳር ሚካኤል ይድረስልኝ። ለፀጋው የጠየቅከኝን ጫማም እዚያው ከትቻለሁ፤ ለጎረምሳ ልጅህ ልኩ ይሆናል ብዬ በዮሳዲቅ እግር ነው የገዛሁት።

ደህና ሁኑልኝ፤ ሰላሙን ያብዛልን።
እህትህ ውብነሽ


ኤረር
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውብነሽ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትዎ አይራቅ። እግርዎ እንዴት ሆነ? እኛ በጣም ደህና ነን። ዝናቡ ጨክኖብን የከረመ ቢሆንም ፍየሎቹ አልሞቱም፤ የተማሪዎቼም ጩኸት እንደ ወትሮው ነው። መምህር የሚሞተው በጩኸት ከሆነ የእኔ ቀን ቀርቧል።

ስለትዎ በደህና ደርሶ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ከነካርቶኑ በእልልታ ገባ። አባ ሀይለየሱስ በአደባባይ ስምዎን ጠርተው መረቁ፣ ሕዝቡም አሜን አለ። ቆመው ቢያዩት ደስ ይልዎ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አይቆጡ። ዕቃው ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲመታው ሀናቶን የሚለው ልጥፍ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ እኔ ሰምቼው የማላውቀው ሌላ ስም አለ። የከተማችን ኤሌክትሪክ ሠሪ ከፍቶ አየውና፣ ይህ ከሀናቶን ጋር በአንድ ገበያ ውለው እንደሆነ እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም አለን። ድምፁም ትንሽ ችግር አለበት። አባ ሲያስተምሩ ከእንስራ ውስጥ የሚናገሩ ይመስላል፤ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ጊዜ ይተነፍሳል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች "ሰው አለበት" እያሉ በሥሩ አያልፉም። ልጆች መቼም ሥራ አያጡም።

እርስዎ ግን ቅር አይበልዎ። ሚካኤል ልብ ያያል እንጂ ልጥፍ አያነብም። ድምፅ ካወጣ ምን ቀረ?

ስለ ጫማው እግዚአብሔር ይስጥልን። ፀጋው እስካሁን አላደረገውም። ልኩ ነው፤ ግን ከነካርቶኑ አልጋው ሥር አስቀመጠው፣ ብነግረው አልሰማ አለ። ከእንግዲህ ለእኛ ብለው ምንም አይላኩ፤ ምንም አልጎደለብንም።

አክባሪዎ ጋሻው


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጋሻው፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

አንተ እንደ ቀልድ ጻፍከው። እኔ ግን በማርካው ስም ጠርቼ የተሳልኩ ሰው ነኝ። ወርቅ ብሎ ነሐስ የሚሰጥ ሰው እንኳን ከመልአክ ከጎረቤትም አይታረቅም። አሁን ገባኝ። ስለቴ ከገባም በኋላ ስልኩ ያልጮኸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ልጄን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፣ የሐሰት ድምፅ ሰጥቼ።

በማግስቱ ከይረዲን ዘንድ ሄድኩ። ሻይ አዘዘልኝ፣ አልጠጣሁም። "ዕቃው ድምፅ ያወጣል ወይስ አያወጣም?" አለኝ። ያወጣል አልኩት። "ታዲያ ምን ጎደለሽ?" ይለኛል፣ ሚዛኑን እየወለወለ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ጽሑፍም ከበላዩ ሰቅሏል። ደንበኞቹ ፊት አፌ የፈቀደውን ተናግሬው ወጣሁ፤ ምን እንዳልኩት በዚህ ወረቀት አልደግመውም።

ጠበቃ ቢሮ የምትሠራ ሁዳ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። "እሱ የሰቀለው ጽሑፍ ሕግ አይደለም" አለችኝ። እንደ እሷ አባባል ከይረዲን የሸጠልኝ ሣጥን ሳይሆን ስም ነው። ዕቃው ይሥራም አይሥራም፣ በተነገረኝ ማርካ ካልሆነ ገዢዋ እኔ መብት አለኝ፤ ትክክለኛውን አምጣ ማለት እችላለሁ፣ ወይም ዕቃህን እንካ ገንዘቤን ማለት እችላለሁ፣ ምርጫው የእኔ ነው። አቤቱታ የሚቀበል ቢሮም አለ። ፋክቱሩ፣ የግዢው ደረሰኝ፣ እጄ ላይ ነው። የሚቀረው ዕቃው ብቻ ነው፤ ሳያዩት አይፈርዱም።

ስለዚህ አውርደህ በጌቾ ላክልኝ። ልጥፉን እንዳትነቅለው፣ እንደተነሳ ይምጣ።

ሌላም ልጠይቅህ። ድሮ ስትደውልልኝ "ዮሳዲቅ ደወለ ወይ?" ብለህ ነበር የምትጀምረው። በደብዳቤህ ግን ስሙን አንዴም አላነሳህም። ልጄ ምን አደረገህ?

እህትህ ውብነሽ


ኤረር
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውብነሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የፈተና ሰሞን ሆነብኝ፤ ጌቾም ሁለቴ ሲያልፍ ወረቀቱን ሳልጨርሰው ቀረሁ።

እትዬ፣ የጠየቁኝ ነገር ከባድ ነው። ለታቦት የገባ ስለት እንዴት ተመልሶ ይወጣል? የሰበካ ጉባኤ አባል ሆኜ መሰላል አስደግፌ የመልአኩን ንብረት ባወርድ ሕዝቡ ምን ይለኛል? ለነጋዴ የተሠራ ሕግ ለደብር አይሠራም። ለሰማይ የሰጡትን ነገር ይርሱት። ካላስቻለዎ እኔ ደመወዜን አጠራቅሜ እውነተኛውን ሀናቶን እገዛለሁ፣ በእርስዎ ስም ይገባል፣ ማንም አያውቅም።

ከይረዲንንም ይተዉት። እሱ ራሱ ተታሎ ገዝቶ ይሆናል። አንዳንድ ሰው የሚሸጠው ነገር ሐሰት መሆኑን እያወቀ እንኳ ክፉ አስቦ አይደለም። ጉዳዩ እየተፈተሸ ሲሄድ የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው።

ስለ ዮሳዲቅ ሳልጠይቅ የቀረሁት ረስቼው አይደለም። በየቀኑ ነው የማስበው።

አንድ ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ከገና በኋላ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ለመምጣት አስቤአለሁ። አባ ሀይለየሱስና ሌላ አንድ ሽማግሌም አብረውኝ ይመጣሉ። ባሕሩን አይተውት አያውቁም፣ ሳንሞት እንየው ብለው ነው። ስንመጣ ሁዳ ያሏት ልጅ ከእርስዎ ጋር ብታድር ጥሩ ነው፤ እግርዎን ያመዎታልና።

አክባሪዎ ጋሻው


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሻው፤

እንኳን ለጥምቀቱ ሰሞን አደረሰህ።

"ድምፅ ካወጣ ምን ቀረ" ብለህ ነበር፤ ከይረዲንም ያለኝ ይህንኑ ነው። ዘንድሮ ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም ያንኑ የምትሉኝ? አንተ ስለማታወርደው በጌቾ በኩል አባ ሀይለየሱስን አስጠየቅኋቸው። ጌቾ ቃላቸውን እንዳለ አምጥቶልኛል። "ስለት የሚገባው በስሙ ነው። በተጠራው ስም ያልመጣ ዕቃ ገና ከደጅ ነው፤ ከደጅ ያለን ነገር መመለስ ኃጢአት የለበትም" ብለዋል። መሰላሉንም ራሳቸው ናቸው ያስያዙት። ሁዳ ስትሰማ፣ ቄሱ ሕግ ተምረዋል እንዴ አለችኝ።

ስለዚህ ዕቃው መጥቷል። አቤቱታዬን አስገብቼ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያ ቤቴ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ካለበት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱም ዝም ብለው ይተያያሉ። አንድ ቀን እውነትም ይተነፍስ እንደሆነ ብዬ ሰካሁት። ልጆቹ አልዋሹም። ከፍቶ የሚናገር ሰው ሳይኖር ይተነፍሳል፤ አየር አውጥቶ ቃል የሚጀምር ይመስልና ይተወዋል። ነቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ሳልሰካውም የምሰማው ይመስለኛል።

ስለ መምጣታችሁ። ከመጋቢት ወዲህ ዓሣ ቤቴ ገብቶ አያውቅም፤ በወደቡ መንገድም አላልፍም። ባሕር እንደማልወድ ታውቃለህ። አባቴ የሞተ ጊዜ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ በራችንን አንኳኩተው ነበር፤ እነሱም የመጡት እንግድነት ነው ብለው ነው። ቄስና ሽማግሌ አስከትሎ፣ ብቻዋን እንዳታድር ብሎ አስጠንቅቆ ባሕር ሊያይ የሚመጣ ሰው አላየሁም።

እጠይቅሃለሁ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ። የምታውቀውን ጻፍልኝ።

ውብነሽ


ኤረር
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ውብነሽ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ።

በሚካኤል ስለያዙኝ የምችለውን እጽፋለሁ።

በፍልሰታ የደወለልዎ ፀጋው ነው። እህል አልወርድ እንዳለዎ ሰምተን ጠይቃቸው ብዬ ላክሁት፤ በኢንተርኔት ከሚያስደውለው ሱቅ ሆኖ ደወለ። እማምላክን፣ ሊዋሽ አልሄደም። ገና አፉን ሳይከፍት "ዮሳዲቅ ነህ?" አሉት። ልጁ ሲነግረኝ አልቅሷል። "አባዬ፣ አይደለሁም ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ድምፃቸውን ስሰማ አቃተኝ" አለኝ። እኔም ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም። በሳምንቱ መብላት ጀመሩ ሲሉን፣ ይቅር፣ ትንሽ ይጠንክሩ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታው እያደገ ሄደ። ስለት አስገባሁ ብለው ሲጽፉልኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ጫማውን ያላደረገው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከዮሳዲቅ ጋር በአንድ ጀልባ የነበረች ሲፈን የምትባል የሰፈራችን ልጅ በሐምሌ ተመልሳ ቤቴ መጥታለች። ያለችኝን በወረቀት አልጽፍም። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይነገርም፣ ለታመመ ሰው አይነገርም፣ ብቻውን ላለም አይነገርም። አባቶቻችን ያቆዩን ወግ ነው። በወጉ ልንገራቸው ስል፣ ሰው ላሰባስብ ስል፣ ይኸው ግማሽ ዓመት አለፈ። ከአፌ ይሰማሉ። እስክንመጣ ይጠብቁን።

ይቅርታ ልጠይቅ አልደፍርም።

ጋሻው


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጋሻው፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ወረቀትህ የደረሰኝ በቀጠሮዬ ዋዜማ ነው። ሁዳ ቀጠሮው ይዛወር ብላኝ ነበር፤ እሄዳለሁ አልኳት። አንድ ነገር እንኳ በዚህ ዓመት እስከ መጨረሻው ይሁንልኝ ብዬ ነው።

ቢሮው ውስጥ ከይረዲን እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ ማዶ፣ ዕቃው መካከላችን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ኃላፊው ልጥፉን በጣቱ አንስቶ አየ፣ ፋክቱሩ ላይ የተጻፈውን ስም አየ። ከይረዲን ያው ድምፅ ያወጣል አለ። ኃላፊው፣ የተከሰስከው ድምፅ ስለማያወጣ አይደለም፣ በሌላ ስም ስለሸጥከው ነው አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ፣ ሁዳም አስረዳችኝ፦ "ስትገዢው እውነተኛው እንዳልሆነ ታውቂ ነበር? እያወቀ ለገዛ ሰው መብት የለውም።"

አላውቅም ነበር አልኩ። እውነቴን ነው። ለእኔ ተፈረደ። ከይረዲን በሳምንቱ እውነተኛውን ሀናቶን አምጥቶ አስረከበኝ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። ሲያስረክበኝ ራሱም ተታሎ መግዛቱን ነገረኝ፤ አመንኩት፣ ሻዩንም ጠጣሁለት።

ጥያቄው ግን ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ስለ ሌላኛው ድምፅ ቢጠይቀኝስ ምን እለው ነበር? ጋሻው፣ ልጄ ካርቲየ 6 ተወልዶ ካርቲየ 6 ያደገ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን "አዎ" ብሎኝ አያውቅም። "ዊ፣ ማማ" ነው የሚለኝ፤ ሲቆጣም፣ ሲተኛም፣ ዕቃ ሲሰብርም። ያን ዕለት ስልኩ ውስጥ "አዎ" የሚለውን ስሰማ አውቄአለሁ። አውቄ ነው የገዛሁት። ማንም ልጥፍ አልለጠፈብኝም፤ ስሙን አስቀድሜ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጅህ የተጠራበትን እሺ ብሎ ተቀበለ እንጂ። እያወቀ ለገዛ ሰው መብት የለውም፤ ስለዚህ ከአንተም ከፀጋውም የምጠይቀው ነገር የለኝም። ያን ዕለት የጠጣሁት ሾርባ ነው እስከ ዛሬ ያቆመኝ፤ ይህንንም ልክድህ አልችልም። ግን አዝኜብሃለሁ። ልጄ ሳይለቀስለት ግማሽ ዓመት ስልክ ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ አንተም እያወቅህ አስጠበቅኸኝ። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ሌላ ልጥፍ ይሆንብኛል።

እንግዲህ ኑ። ወጉ አይጉደል። አባና ሽማግሌው ይምጡ፣ ሳይነጋ በሬን አንኳኩ። ሁዳ አብራኝ ታድራለች፤ ጎረቤቶቼም ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እኔም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እከፍትላችኋለሁ። ያኔ በአፍህ ንገረኝ፣ እኔም እጮሃለሁ። እስከዚያ አላለቅስም፤ ለሚገባው ቀን እያቆየሁት ነው።

ሀናቶኑን ከዚህ ወረቀት ጋር ጌቾ ያመጣልሃል። ስለት ነው ብላችሁ አታስገቡት። ስለቴ ድምፁን ብታሰማኝ ነበር፣ አልተሰማም፤ ስለዚህ ሚካኤል ከእኔ የሚፈልገው ዕዳ የለውም፣ እኔም እሱን በየትኛውም ቢሮ አልከስሰውም። እንዲሁ ነው የምሰጠው። ከመነሳታችሁ በፊት ይሰቀል፣ ፀጋውም ይክፈተው። ስትመለሱ መጀመሪያ የሚነገርበት የልጄ ፍትሐት ይሁን። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው፤ አባ አሳስተው እንዳይጠሩብኝ። እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማ።

አሮጌውን ዕቃ ከይረዲን ወሰደው። ቤቴ አሁን ጸጥ ብሏል።

ለፀጋው ጫማውን አድርገው በለው፤ በልኩ የተገዛ ነው። ስልኩንም ከወንበሩ አንስቼዋለሁ፣ መስመሩ ከእንግዲህ ለሁሉም ክፍት ነው። ልጁ ይደውልልኝ። ማነው ስለው ግን በራሱ ስም ይመልስልኝ።

እህትህ ውብነሽ